ኳስ አልነበረም

ከትናንት ወዲያ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መንገድ ላይ አገኘኝ። ከዘራዬን አይቶ ደነገጠና "ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው? ኳስ ነው?" አለኝ። "አዎ፣ ኳስ ነው" ብዬው አለፍኩ። ዋሸሁት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ እውነቱን እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ።

ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የነርቭ ትምህርት ሲደርስ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዤ ነበር የምገባው። "መዳቡ ነርቩ ነው፣ ላስቲኩ ማየሊን ነው፤ ላስቲኩ ከተላጠ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል" እላችሁ ነበር። ስለ ራሴ እያወራሁ እንደሆነ በምን አውቄ!

መጀመሪያ ግራ ዓይኔ ደበዘዘ። በሳምንታት ውስጥ ሲሻለኝ ረሳሁት። በዓመቱ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። አንዱ "ድካም ነው" አለኝ፣ ሌላው "ዲስክ ነው" ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ። እናቴም ጠበል ወሰደችኝ። በመጨረሻ ኤምአርአይ ተነሳሁና ስሙ ተነገረኝ፦ መልቲፕል ስክለሮሲስ። የሰውነት መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት የአንጎልና የህብለ ሰረሰርን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም።

መጀመሪያ ላይ የማነበው ሁሉ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ግን ተስፋ የሚሰጥም እያገኘሁ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ጦር አባላትን መረጃ መርምረው፣ ኤፕስታይን ባር በተባለ ቫይረስ ከተያዙ በኋላ በዚህ በሽታ የመያዝ ስጋት 32 እጥፍ እንደሚጨምር አሳዩ። ቫይረሱ አብዛኞቻችን ውስጥ አለ፤ የሚታመመው ግን ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ቢሆንም መነሻው ከታወቀ መከላከያም ይፈለግለታል፤ የክትባት ሙከራም ተጀምሯል።

በ2025 ደግሞ ቶለብሩቲኒብ የተባለ እንክብል፣ ሳያገረሽ ቀስ በቀስ እየባሰ በሚሄድባቸው ሕመምተኞች ላይ የአካል ጉዳቱ የመባባስ ስጋትን በ31 በመቶ እንደቀነሰ ታትሟል። ጉበት ላይ የሚያመጣው ችግር ስላለ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለእንደኔ ዓይነቱ መምህር ትልቁ ዜና ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለዚህ በሽታ የሚሆኑ ሦስት መድኃኒቶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። አንዱ ሪቱክሲማብ ነው፤ ለደም ካንሰር ሲሰጥ የኖረ፣ ከአዲሶቹ የሚረክስ መድኃኒት። ይረክሳል ስል ለደመወዜ አይደለም! ዕቁቤ ሲወጣልኝ የመጀመሪያውን ወሰድኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የተላጠውን መልሶ አያለብስም። ሌላው እንዳይላጥ ነው የሚታገለው። የተላጠውን የሚያለብስ ገና እየተፈለገ ነው። ለእኔ ግን ጊዜ መግዛትም ቀላል ነገር አይደለም።

ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዓይናችሁ በድንገት ቢደበዝዝ፣ እጅ እግራችሁ ደንዝዞ ቢመለስ፣ "ተሻለኝ" ብላችሁ እንደኔ አትርሱት። የነርቭ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አንተም ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ፤ ኳስ አልነበረም። ሰኞ ክፍል አለኝ፣ የነርቭ ትምህርት ላይ ደርሰናል። ሽቦዬን ይዤ እገባለሁ።

ፈጣሪ ጤናችሁን ይጠብቅልኝ።