የእናቴ ሳህን

እህቴ ከአዲስ አበባ የተመለሰች ሰሞን የከሚሴ ሙቀት የጉድ ነበር። ጎረቤቱ ለዱዓ ተሰብስቦ፣ ዕጣኑ ጢስ ብሎ፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ አንዲት አሮጊት «ዝም በሉማ!» አሉና ጆሯቸውን ወደ ደረቷ አስጠጉ። ቅጭ፣ ቅጭ ይላል። «ያረቢ! ሰዓት ነው እንዴ ያስገቡላት?» እናቴ ሣቀች። ወዳጄ፣ ያን ሣቅ ስንት ዘመን ናፍቄው ነበር!

ነገሩ የጀመረው በጉሮሮ ሕመም ነው። በልጅነታችን ጉሮሮን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረው ነበር? ማር ልሶ ወደ ቦርከና መሮጥ ነው። ሳይታከም ሲቀር ግን ውሎ አድሮ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ የልብ ቫልቭ ያበላሻል። እህቴም ዳገት አቃታት፤ ሌሊቱን ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ማንጋት ሆነ። በኋላ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ተራ ደርሷት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገባላት።

በሌላው ዓለም ልቡ ጨርሶ ለደከመ ሰው ደም የሚገፋ ሞተር ይተከልለታል፤ ገመዱ በሆዱ በኩል ወጥቶ ከባትሪ ይያያዛል። ያም ሰው፣ የእኛዋም ልጅ በአንድ ኪኒን ይገናኛሉ፤ በዋርፋሪን። ደም እንዳይረጋ የሚዋጥ ነው፤ ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ አይከላከልም፤ ስለዚህ የደም ምርመራ አይቋረጥም። ጎመን ደግሞ ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ መጠኑ መለዋወጥ የለበትም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጎመኑን ግን ሁልጊዜ በዚያችው ባለ አበባ ትንሽ ሳህን ትሰፍርላታለች፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። ኪኒኑም ሳያልቅ ሌላ ታስመጣለች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደርሶ መንገዱ ሲዘጋ፣ ሰው ሁሉ የዱቄቱን ነገር ሲያስብ፣ እሷ ከሳጥኗ ሥር በነጠላ ጫፍ የቋጠረችውን ኪኒን አወጣች። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ» አለቻት። ምርመራ በሌለበት በዚያ ጊዜ መተማመኛችን ያቺ ሳህን ነበረች። እኔም ማታ ማታ ድዷ ደምቶ እንደሆነ በባትሪ አይላት ነበር።

ዛሬም ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው። እሱስ የሐኪሞቹ ነው፤ አላህ ይስጣቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዕድሜ ያቆመው ግን የእናቴ ጥንቃቄ ነው። ለከሚሴና ለባቲ፣ ለሰንበቴም የልብ ሕመምተኛ ሁሉ ኪኒኑና ምርመራው ደጁ ድረስ ቢመጣለት እመኛለሁ፤ እንዲህ ያለች እናት ለሁሉም አትታደልምና።