ጎንበስ ብለው የሚለኩት ቁምጣ

የልብስ ሱቅ መስታወት የተሰቀለው ለቆመ ሰው ነው። ቀሚስም ሆነ ሱሪ ስንለካ ቀጥ ብለን እንቆማለን፣ ሆዳችንን እንስባለን፣ ዞር ብለን ከኋላችን እናያለን፤ ካማረብን ከፍለን እንወጣለን። የተራራ ብስክሌት ቁምጣ ግን ለቆመች ሴት አልተሰፋም። የተሰፋው ወገቧን ሰብራ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ጉልበቷን በየተራ ከፍ ዝቅ ለምታደርግ ሴት ነው። መስታወት ፊት ልክክ ያለው ኮርቻ ላይ ሲወጡበት ይቆነጥጣል፤ መስታወት ፊት “ኧረ ሰፋሽ” የሚያሰኘው ደግሞ ዳገቱ ላይ ከሁሉም ይሻላል።

በጸደይ ጓደኛዬን አጅቤ እዚህ ቨርጂኒያ አንድ የብስክሌት መሸጫ ገብቼ ነበር። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ “ሰውነቴን ላፍታታ” ብላ፣ ፌርፋክስ ውስጥ ፋውንቴንሄድ በሚባለው ፓርክ ጫካ ለጫካ መንዳት ጀምራለች። የዛፍ ሥርና ድንጋይ የበዛበት፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃው እንዳይቦካ መንገዱን የሚዘጉት ቦታ ነው። ከጫካ ስትመለስ መኪናዋን በአንድ ጎኗ ተቀምጣ መንዳት ሲሰለቻት ነው ቁምጣ ፍለጋ የወጣነው።

ሻጯ ጠና ያለች ፈረንጅ ናት። ጉልበቷ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፤ ምክሯን ያመንኩት እሱን አይቼ ነው። ቁምጣው አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን አስረዳችን። ከውስጥ ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል፣ መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ታይት አለ። ከላይ ደግሞ ቅርንጫፍ ቶሎ የማይቀደው፣ ሰፋ ያለ የናይለን ቁምጣ ይደረባል። አብረው ይሸጣሉ፣ ለየብቻም ይሸጣሉ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበርን።

“ታዲያ ከሥሩ ፓንት አይለበስም” አለች ሻጯ።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ “ምን አለች አንቺ?”

“የሰማሽውን።”

“ባዶዬን? በስመ አብ!”

ነገሩ ግን ምክንያት አለው። የፓንት ጠርዝ ስፌት ነው፤ ስፌቱ በቆዳና በስፖንጁ መሀል ገብቶ፣ ፔዳል በተመታ ቁጥር ያችኑ አንዲት ቦታ ይፈትጋል። ጥጥ ከሆነ ደግሞ ላቡን ጠጥቶ ይይዘዋል፤ እርጥብ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። ስፖንጁ የተሠራው ገላ ላይ በቀጥታ እንዲያርፍ ነው፤ ጥሩ የሚባለው መሀል ለመሀል ስፌት የማያልፍበትም ለዚህ ነው። (ሱቅ ውስጥ ሲለካ ግን ፓንት አይወልቅም፤ ከእኛ በኋላ የምትለካ ሴት አለችና።)

መለኪያ ክፍሉ ውስጥ ኮርቻ የለም። ሻጯ ከመጋረጃው ውጭ ሆና “ቁጢጥ በዪና እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ” አለቻት። ጓደኛዬ ቁጢጥ ስትል በርጩማ ላይ ሆና ቡና የምትቆላ ትመስል ነበር። ወዲያው የቁምጣው ወገብ ከኋላዋ ቦርቀቅ አለ። ይህንንስ የትኛዋ ሀበሻ ሴት አታውቀውም? ወገቡ ዝቅ ያለ ጂንስ ለብሳ ረከቦት ፊት የተቀመጠች ልጅ፣ አንዲት አክስት በኋላዋ ስታልፍ “ልብስሽን ሳብ አድርጊ እንጂ ልጄ” መባሏ አይቀርም። በወጉ የተሰፋ የብስክሌት ቁምጣ ወገቡ ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ ይላል፤ ጎንበስ ሲሉ ሆድን አይቆርጥም፣ ጀርባንም አያጋልጥም። ከፊትም ከኋላም እኩል የተቆረጠው፣ የፈለገው ስም ይለጠፍበት፣ የመናፈሻ ቁምጣ ነው።

የልክ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብዙዎቻችን ወገባችን ቀጠን፣ ዳሌና ጭናችን ሞላ ይላል። በወገቧ ቁጥር የገዛች ጭኗ ላይ ታንቃ ትቀራለች። ስለዚህ ቁጥሩ በዳሌ ይመረጥና፣ ወገቡ ከግራና ከቀኝ ባሉት፣ ሲላቀቁ ጠርር በሚሉት ማጣበቂያዎች ይጠበባል። ፋብሪካዎቹ ለረጅም ጊዜ “የሴት” ብለው ሲሸጡልን የኖሩት የወንዱን አሳንሰው ሮዝ እያደረጉ ነበር። አሁን ተሻሽሏል፤ ሮዙ ግን ዛሬም አለ።

ስፖንጁን በተመለከተ፣ “ወፍራሙ ይሻላል” የሚለው የብዙ ሰው ግምት ነው። አይሻልም። ሰው ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱን የሚሸከሙት ከመቀመጫ ሥር ያሉ ሁለት አጥንቶች ናቸው። በጣም ወፍራምና ልስልስ ስፖንጅ ሲሆን አጥንቶቹ ይሰምጣሉ፤ ጫናው መሀል ላይ ባለው ስስ ገላ ላይ ይወድቃል። የሴት አጥንቶች አብዛኛውን ጊዜ ከወንድ ይልቅ ተራርቀው ስለሚገኙ፣ ለሴት የተሠራ ስፖንጅ ከኋላው ሰፋ ይላል፤ ጠንከር ያለው ክፍሉም አጥንቶቹ በሚያርፉበት ቦታ ላይ ነው። ርቀቱን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። ጓደኛዬ ከዳይፐር ሳጥን ላይ አንድ ቁራጭ ካርቶን ቀድዳ፣ ቤቷ ደረጃ ላይ አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ ተቀመጠችበት። ስትነሳ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ታዩ። ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል በሜትር ለካችውና፣ ጥፋቱ ግማሹ የኮርቻው መሆኑ ታወቀ፤ ጠቦባት ኖሯል። ኮርቻው ካልገጠመ የትኛውም ቁምጣ አያድንም።

ድሮ እንዲህ ያለ ስፖንጅ አልነበረም። የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ከሱፍ የተሠራ ቁምጣ ውስጥ ስስ የእንስሳ ቆዳ እያሰፉ ይለብሱ ነበር። ቆዳው ታጥቦ ሲደርቅ ስለሚጠነክር ቅባት እየቀቡ ያለሰልሱት ነበር። የዛሬው ታይት የሚሰፋበት፣ የሚለጠጠው ላይክራ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ዱፖንት በሚባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ ነው የፈጠረው።

ሴቶች ግን ከስፖንጅ በፊት ገና የሱሪው ክርክር ነበረባቸው። አኒ ለንደንደሪ በ1894 ከቦስተን ተነስታ ዓለምን በብስክሌት ልትዞር ስትወጣ በረጅም ቀሚስ ነበር፤ የሦስት ልጆች እናት ናት። መንገድ ላይ ሳለች ቀሚሱን ጥላ ሰፊ ሱሪ ለበሰች፣ ብስክሌቷንም በቀላል የወንድ ብስክሌት ቀየረች። በ1898 ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ሰሪ ውስጥ ኦካም በምትባል መንደር፣ ሌዲ ሃርበርተን ሰፊ የብስክሌት ሱሪዋን እንደለበሰች አንድ ሆቴል ገብታ ምሳ ጠየቀች። የሆቴሉ ባለቤት “እንዲህ ለብሰሽ ከሌሎቹ እንግዶች ጋር አትቀመጪም፤ መጠጥ ቤቱ በዚያ በኩል ነው” አይነት መልስ ሰጠቻት። የብስክሌተኞች ማኅበር ክስ መሠረተላት፤ በማግሥቱ ዓመት ተረታ። ፍርድ ቤቱ፣ ሌላ ክፍል ቀርቦላት ስለነበር አልተከለከለችም አለ። ሴትዮዋ ኮርቻ ላይ ሆና ያዩዋት ሰዎች ቢሆኑ የፈረዱት፣ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። በኦሎምፒክ የወንዶች ብስክሌት በ1896 ተጀምሮ የሴቶቹ የገባው በ1984 ነው። የተራራ ብስክሌት ግን በ1996 አትላንታ ላይ ሲጀመር ወንዱንም ሴቷንም አብሮ ተቀበለ።

ስለ አለባበስ ካነሳሁ አይቀር፣ ጓደኛዬን ያስደሰታት ከላይ የሚደረበው ሰፊው ቁምጣ ነው። በታይት ብቻ መኪና ማቆሚያው ላይ ከጎረቤት ጋር ሰላም መባባል አይሆንላትም፤ እኔም አይሆንልኝም። ስፋቱ ግን መጠን አለው። ቁልቁለት ላይ ነጂዋ ከኮርቻው ተነስታ መቀመጫዋን ወደ ኋላ ታደርጋለች፤ ልትመለስ ስትል እግሮቹ መሀል የተንዘለዘለ ጨርቅ ካለ የኮርቻው አፍንጫ ይጠልፈዋል። እሱም በማይመች ሰዓት፣ ሁለት እጅ ለመሪውና ለፍሬኑ ብቻ በሚያስፈልግበት ጊዜ። ኪሱንም ማየት ነው። ጭን ፊት ለፊት ያለ ኪስ ስልክ ሲገባበት፣ እግር በተነሳ ቁጥር ይዘልላል፤ ጭን ጎን ላይ ያለ ዚፕ ያለው ኪስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ርዝመቱ ደግሞ ቁጭ ሲሉ ወደ ላይ መሸሹ ስለማይቀር፣ የጉልበት መከላከያ የምታደርግ ሴት ሁለቱ መገናኘታቸውን ጉልበቷን አጥፋ ትይ።

ገንዘቧ ለአንዱ ብቻ የሚበቃት ውስጠኛውን ትግዛ። ከላይ፣ ቤት ያለ ማንኛውም የማይጠልፍ ቁምጣ ይደረባል፤ መጥፎ ስፖንጅ ግን በምንም አይሸፈንም። ሲታጠብ የልብስ ማለስለሻ አይጨመርበት፤ ላብ የሚያሳልፈውን ጨርቅ ይደፍነዋል። ከብስክሌት እንደወረዱም ቶሎ ይውለቅ፤ በላብ በራሰ ስፖንጅ ላይ ተቀምጦ ወሬ መሰለቅ መጨረሻው ሐኪም ቤት ነው።