የዕገሌ ቦታ

በጣና ዙሪያ ባሉ ገዳማት የብራና መጻሕፍትን ገልጦ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም ሲወርድ ቆይቶ የሰው ስም ሊጠራ ከሚገባው ቦታ ሲደርስ፣ አንዳንዴ ባዶ ቦታ፣ አንዳንዴ «ዕገሌ» የሚል ቃል፣ አንዳንዴም የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም ተተክቶበት ይገኛል። ጸሐፊው መጽሐፉ በማን እጅ እንደሚገባ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ቦታውን ትቶ ያልፋል፤ ስሙን የሚሞላው ኋላ የሚመጣ ሌላ እጅ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ብራና አይደለም። ይህንኑ የኋለኛውን እጅ ሥራ በኮምፒውተር ውስጥ ስለሚሠራ፣ ሊንከር ስለሚባል ፕሮግራም ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ትምህርቴም አካውንቲንግ ነው። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያወቅሁት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በአንድ ዶርም አብሮኝ ከኖረ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ቋንቋውን ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብራቶሪዎች ፈጠረው። በጊዜው ለጨዋታ ያህል የተማርኩት ነገር፣ ዛሬ ከገንዘብ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ከማየው ነገር ጋር ሲገጥም ይገርመኛል።

አንድ የሲ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በአንድ ፋይል ተጽፎ አያልቅም፤ ፋይሎቹ አሥርም መቶም ሊሆኑ ይችላሉ። ኮምፓይለሩ እነዚህን ፋይሎች የሚተረጉማቸው አንድ በአንድ ነው፤ አንዱን ሲተረጉም ሌላው መኖሩን እንኳ አያውቅም። አንደኛው ፋይል «ሒሳብ» የሚባል ፈንክሽን ይጠራል፣ ፈንክሽኑ ግን የተጻፈው በሌላ ፋይል ነው እንበል። ኮምፓይለሩ አድራሻውን ከየት ያመጣዋል? አያመጣውም። ቦታውን ክፍት ይተውና «እዚህ ላይ የሒሳብ አድራሻ ይግባ» የሚል ማስታወሻ ይይዛል። ለእያንዳንዱም ፋይል ሰንጠረዥ ያዘጋጃል፦ ፋይሉ ያሉት ስሞች በአንድ ወገን፣ ፋይሉ የሚፈልጋቸው ስሞች በሌላ ወገን።

ከዚያ በኋላ ሊንከሩ ይመጣል። ሰንጠረዦቹን ሁሉ ይሰበስባል፤ የሚፈለገውን ስም ካለው ስም ጋር ያገናኛል፤ ለእያንዳንዱም የመጨረሻ አድራሻውን ሰጥቶ ክፍት የተተወውን ቦታ ይሞላል። የሚፈለገው ስም ባለቤት ካጣ «ያልተገለጸ ስም» ብሎ ሥራውን ያቆማል። ሁለት ፋይሎች አንዱን ፈንክሽን «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» ቢሉም «ድርብ ፍቺ» ብሎ ያቆማል። «ስታቲክ» የሚል ቃል የቀደመው ስም ግን እንደ ቤት ስም ነው፤ ከፋይሉ ውጭ አይሰማምና በአሥር ፋይል አሥር ጊዜ ቢገኝ ጠብ የለም።

ልብ በሉ፤ ሊንከር ዐይን እንጂ ጆሮ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 10ኛ እትሙ ጀምሮ ጂሲሲ የተባለው ታዋቂ ኮምፓይለር የፈንክሽን ስም በቀጥታ በግእዝ ፊደል ቢጻፍለት ይቀበላል። እናም አንዱ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ጸሐይ» ብሎ ቢጠራው፣ ለእኛ አንድ የሆነው ለሊንከሩ ሁለት ነው። በዩኒኮድ ፀ ሌላ ቁጥር፣ ጸ ሌላ ቁጥር ነውና።

ይህን ነገር በደልጊ፣ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከመስኮቴ ፊት ቆሞ አይቼዋለሁ። አንዲት እናት ከባሕር ማዶ ልጃቸው የላከላቸውን ገንዘብ ሊወስዱ ከገጠር በእግራቸው መጡ። የስማቸው መጀመሪያ ፀ ነው። ይህን ፊደል በላቲን ሲጽፉት አንዱ በ«ቲ»ና በ«ኤስ» ይጀምራል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። ልጃቸው በአንደኛው መንገድ ጽፎ ልኳል፤ መታወቂያቸው በሌላው መንገድ ተጽፏል። ገንዘቡ አለ፤ እናቲቱ አሉ፤ የሚያገናኛቸው ስም ግን የለም። ላኪው ስሙን እስኪያስተካክል መጠበቅ እንዳለባቸው ስነግራቸው፣

«ልጄ፣ እኔ ስሜን አልጻፍሁትም። የጻፉልኝ እነሱ ናቸው፤ እነሱው ይስማሙ» አሉኝ።

የምመልሰው ቃል አጣሁ። በሁለቱም ወረቀት ላይ ያለው ስም የእርሳቸው ነው፤ ከሁለቱ አንዱንም ግን እርሳቸው አልጻፉትም። በማዳበሪያ ሊያውሉት ያሰቡት ገንዘብ የዘር ጊዜ እያለፈበት፣ ለአንዲት ፊደል ሲባል ሦስት ሳምንት ቆየ።

በዚያን ሰሞን የማሽን ጭፍንነት አንገበገበኝ። እየቆየሁ ሳስበው ግን የበለጠ የሚያስፈራው ሌላኛው ስሕተት እንደሆነ ተረዳሁ። ሊንከር ስም ሲገጥም አይቶ ያገናኛል እንጂ በስሙ ሥር ያለው ነገር አንድ ዓይነት መሆኑን አይጠይቅም። አንዱ ፋይል «ቀሪ» የሚለውን ሙሉ ቁጥር ነው ብሎ ቢይዘው፣ ሌላው ባለ ነጥብ ቁጥር ነው ብሎ ቢያነበው፣ በሲ ቋንቋ ሊንከሩ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያያይዛቸዋል። ፕሮግራሙም ይሄዳል፤ ውጤቱ ግን ውሸት ይሆናል። እንዲያውም ጂሲሲ ከ10ኛው እትም በፊት፣ ሁለት ፋይሎች መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ በአንድ ስም ቢያስቀምጡ፣ ሊንከሩ ሁለቱን በዝምታ ወደ አንድ ቦታ እንዲቀላቅላቸው አድርጎ ያዘጋጃቸው ነበር። በባንክ ቋንቋ ስናገረው፣ ሞክሼ ስለሆኑ ብቻ የሁለት ሰዎችን ሒሳብ አንድ ደብተር ላይ ማድረግ ማለት ነው! ከ2020 ወዲህ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር እንዲህ ያለው ነገር በድርብ ፍቺነት ይቆማል።

አያት፣ አባት፣ ልጅ በምንቆጠርባት አገር፣ ስሙ ከነአያቱ የሚገጥም ሰው ስንት እንዳለ መስኮት ላይ የተቀመጠ ያውቀዋል። «አልገጠመም» ብሎ መመለስ ያሳዝናል፤ ባለቤቱ ግን ነገ ተመልሶ ይጠይቃል። «ገጥሟል» ብሎ ለሌላ ሰው መስጠት ግን ድምፅ የለውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው።

የሲ ሰዎች ለዚህ ያበጁት መድኃኒት ሄደር ፋይል ነው። ስሙና ዓይነቱ አንድ ቦታ ይጻፋል፤ ሰጪውም ጠሪውም ያንኑ ያነባሉ፤ የተለያየም ካለ ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ይናገራል። በእኛም አገር በ2015 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት የተሰጠው የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የሚሞክረው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ስም ቢመሳሰል ቁጥሩ ይለያል። ሆኖም ከቁጥሩ ጎን ስሙን የሚጽፍ ሰው አሁንም አለ።

የሊንከር ታማኝነት የጸሐፊዎቹን ያህል ነው። እነርሱ ከተስማሙ ያገናኛል፤ ካልተስማሙ የሚቀጣው ስሙን ያልጻፈውን ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ አዲስ ደብተር ስከፍት ስሙን ጽፌ ዝም አልልም፤ «ልጅዎ ሲልክ እንዴት አድርጎ ይጽፈዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከኋላ ያለው ሰልፍ ትንሽ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።