ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስዘጋጅ



ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ለኢንተርቪው ተጠርቻለሁ። የሥራ መደቡ «ፕሮዳክት ሰፖርት አናሊስት» ይባላል። የመውጫ ፈተናውን አልፈን፣ ዲግሪ ይዘን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመን የከረምን ልጆች እንዲህ ያለ ጥሪ ምን ማለት እንደሆነ እናውቀዋለን። እናቴ ለመሳፈሪያ የሰጠችኝ ብር ለታናሽ እህቴ ደብተር መግዣ የታሰበ ነበር። ስለዚህ ዝግጅቱን እንደ ዋዛ አላየሁትም።

መጀመሪያ የሥራውን ስም ፈታሁት። ደንበኛ «አልሠራ አለኝ» ሲል የሚሰማ፣ ችግሩን ራሱ ሞክሮ የሚያይ፣ መንስኤውን ለይቶ ኮድ ለሚጽፈው ባለሙያ የሚያስረዳ፣ መልሱንም ለደንበኛው በሚገባው ቋንቋ የሚመልስ ሰው ማለት ነው። በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ሽማግሌ በሉት። ሽማግሌ ደግሞ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።

ይህንን ለመለማመድ ሩቅ አልሄድኩም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሰፈራችን ሱቅ ደጃፍ ጥያቄ ጠፍቶ አያውቅም። አንዲት እናት «ልጄ፣ ለልጄ ብር ልኬለት አልደረሰኝም ይላል፤ ስልኩ በላኝ እኮ!» አሉኝ። «እማማ፣ መቼ ላኩ? በየትኛው ቁጥር? መልእክት መጥቶልዎታል?» አልኳቸው። መልእክቱን ስናነበው ብሩ ልጁ ወዳለው ወደ ሁለተኛው ሲም ካርድ ነው የሄደው። ሲስተሙ ምንም አልሆነም። መፍትሔው የተገኘው ከሦስት ጥያቄ ነው።

ከዚያ ከበድ ያለውን ጉዳይ አነሳሁ። መጋቢት 6 ለ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ብዙ ነበሩበት። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ገልጾ፣ የወሰዱት እንዲመልሱ ጠየቀ። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ የምናወራው ማን ስንት እንዳወጣ ነበር። እኔ አሁን ራሴን የጠየቅኩት ግን «ያን ሌሊት ተረኛ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብዬ ነው።

መልሴን በደብተሬ እንዲህ አስፍሬዋለሁ። አንደኛ፣ ችግሩ የአንድ ሰው ነው የብዙ? ሁለተኛ፣ ከመቼ ጀመረ፣ ከዚያ በፊት በሲስተሙ ላይ ምን ተለወጠ? ሦስተኛ፣ አገልግሎቱን ማቆም የሚችለውን አለቃ ሌሊት ነው ሳይሉ መቀስቀስ። ቤት ሲነድ መጀመሪያ እሳቱ ይጠፋል፤ ማን ለኮሰው የሚለው ጥያቄ ይደርሳል። አራተኛ፣ የታየውንና የተደረገውን በሰዓቱ መመዝገብ።

ጓደኞቼ፣ ዳታቤዝና ኔትወርክ መከለሱ አይቀርም፤ እኔም እየከለስኩ ነው። ነገር ግን ጎረቤታችሁ ስልኩ እምቢ ሲለው ቀምታችሁ አታስተካክሉለት፤ አስቀድማችሁ ጠይቁት። መምህሮቻችንም ለተመራቂዎች የግማሽ ቀን የኢንተርቪው ልምምድ ቢያዘጋጁልን ብዙ ሰው ይጠቀማል።

መልካም ዕድል ተመኙልኝ። ቸር እንሰንብት!