ቀንድ፣ መርፌና የነሐሱ ሰው

ሕዝብ ሕመሙን ለማስታገስ የፈጠረው ጥበብ እንደ ዜማውና እንደ ሥዕሉ ሁሉ የባህሉ አካል ነው። ስለ ቻይና የመርፌ ሕክምና፣ ማለትም ስለ አኩፓንክቸር፣ ሲወሳ ብዙዎቻችን ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አድርገን እንመለከተዋለን። ይሁን እንጂ በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው በደብረ ወርቅ ተወልዶ ላደገ ሰው፣ የቻይና ባህላዊ ሐኪም ከመርፌው ጎን ለጎን የሚጠቀምበት አንዱ ዘዴ ከቶ እንግዳ አይሆንበትም። ዋግምታችንን በሌላ መልክ ያገኘዋልና።

ዋግምትን አገሬው ያውቀዋል። የከብት ቀንድ ውስጡ ይፋቅና ጫፉ ይበሳል። ባለሙያው የታመመውን ገላ በምላጭ ጫር ጫር ካደረገ በኋላ ቀንዱን ይደፋበታል፤ በጫፉ በኩል አየሩን በአፉ ስቦ ቀዳዳውን በሰም ይደፍናል። ቻይናውያን ዛሬ አየሩን በእሳት አሙቀው የብርጭቆ ወይም የቀርከሃ ዋንጫ ይደፉበታል። ጥንት ግን መሣሪያቸው እንደኛው ቀንድ ነበረ፤ ስሙም በቋንቋቸው «የቀንድ ዘዴ» ይባል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ከተዘጋ የማዋንግዱይ መቃብር እ.ኤ.አ. በ1973 በወጡት የሐር ጽሑፎች ላይ ይኸው ዘዴ ሰፍሮ ተገኝቷል።

መነሻው ይህን ያህል ከተቀራረበ መንገዳችን ስለ ምን ተለያየ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነኛል ብዬ የማስበው አንድ የቅርፃ ቅርፅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1027 ገደማ ዋንግ ዌዪ የተባለ የቤተ መንግሥት ሐኪም የሰው ቁመና ያላቸው ሁለት የነሐስ ምስሎች አሠራ። መርፌ የሚሰካባቸው ነጥቦች በምስሎቹ ገላ ላይ በቀዳዳ ተመልክተው ነበር። በፈተና ጊዜ ምስሉ በሰም እየተለበጠ ውስጡ ፈሳሽ ይሞላበት እንደነበር፣ ተማሪው ትክክለኛውን ነጥብ ሲወጋም ፈሳሹ ይወጣ እንደነበር ይነገራል። የቀራፂው እጅ የሐኪሙ መምህር ሆነ ማለት ነው። በአንድ ሰው ልብ ተሰውሮ የኖረው ዕውቀት ሁሉም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ቆመ።

በእኛ ዘንድ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ደብረ ወርቅ የሊቃውንት አገር ናት። ቅኔው በጉባኤ ይዘረፋል፤ ዜማው በማኅሌት ይሰማል፤ የተሳሳተውም በጉባኤው ፊት ይታረማል። መድኃኒቱ ግን ጉባኤ የለውም። ሥሩ ፀሐይ ሳትወጣ ይማሳል፤ ስሙ አይነገርም፤ ዕፀ ደብዳቤው በማኅደር ይቆለፋል። በልጅነቴ የማውቃቸው አንድ አረጋዊ መሪጌታ ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር በሽተኛ ይመጣላቸው ነበር። ሲያርፉ ለልጃቸው የቀረለት የደረቀ ሥር የተቋጠረበት ጨርቅ ብቻ ነበር። የየትኛው ተክል ሥር እንደሆነ የሚነግረው አልተገኘም። መሪጌታውን ለብቻቸው መውቀስ ግን ፍርድ ማጓደል ነው፤ ዕውቀቱ እንጀራቸውም ክብራቸውም ነበርና።

የተገለጠ ዕውቀት ምን እንደሚያፈራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ፣ ጌ ሆንግ የተባለ ሊቅ በ4ኛው ምዕተ ዓመት የጻፈውን አነበበች። ጽሑፉ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ ይላል እንጂ ይቀቀል አይልም። እርሷም ሙቀቱ ኃይሉን ያጠፋው ይሆናል ብላ በአነስተኛ ሙቀት አወጣችው፤ አርቴሚሲኒንም እ.ኤ.አ. በ1972 ተገኘ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለችበት። በእኛም አገር ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተው፣ የቢልሃርዝያን አስተላላፊዎች የሚገድል ኃይል በፍሬው ውስጥ እንዳለ አረጋገጡ። ሁለቱም ከሕዝብ የተቀበሉትን በቤተ ሙከራ ፈትነው ለሕዝብ መልሰዋል።

መፈተን ሲባል ታዲያ መጣልም አለበት። መርፌው ለአንዳንድ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ማስታገሻ እንደሚሆን፣ ማቅለሽለሽንም እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የሕይወት ኃይል ይሄድባቸዋል የሚባሉት መሥመሮች ግን በሰው ገላ ውስጥ አልተገኙም። በእኛም በኩል አንድ ምላጭ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ኮሶም ቢሆን ትሉን ያስወጣል፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ጠጪውን ይጎዳል። ባህል ስለሆነ ብቻ ጎጂውን ማቆየት ለባህል መቆርቆር አይደለም።

እንግዲህ ሥራው የሐኪሙ ብቻ አይደለም። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር የጓሮውን ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና አሪቲ በየስማቸው ይመዝግብ። ሠዓሊው ቅጠሉን ከነሥሩ፣ ከነአበባው ይሣል። የሕዝብ አገልጋዩ ደግሞ አዋቂው ምስጢሩን ሲገልጥ እንዳይዘረፍ ይጠብቀው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀትና መብት የሚመለከት ነው፤ ሽማግሌው ደጃፍ ድረስ ካልደረሰ ግን ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ሽማግሌው የሚያምነው ሰውና የሚጠብቀው ሕግ ካገኘ ይናገራል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ሥሩን ከነስሙ የሚያውቁት በየዓመቱ እያነሱ ነውና።