የጽንፈ ዓለም እናት

«ጥቁር ጉድጓድ» የሚለውን ስም ስንሰማ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ቶሎ የሚታየን መቃብር ነው። ዳሩ ግን ጉድጓድ በአገራችን ሌላም ሥራ አለው፤ የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን የሚያኖረው በጉድጓድ ነው። አንዱ ቃል ሬሳንም እህልንም ይይዛል። ከሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ጋር ስንት ሌሊት ያከራከረን ጉዳይም ቢጨመቅ ከዚህ አይወጣም፤ ወደ ጥቁር ጉድጓድ የገባ ነገር ተቀበረ ወይስ ለዘር ተቀመጠ?

የነገሩ ታሪክ አጭር ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) ካርል ሽቫርትስሺልድ የተባለው ጀርመናዊ በጦር ግንባር ሳለ የአንስታይንን ቀመር ፈታ፤ ሥራው በ1916 ታተመ፥ እሱም በዚያው ዓመት ሞተ። በ1965 እንግሊዛዊው ሮጀር ፔንሮዝ፥ በገዛ ክብደቱ እየወደቀ ወደ ጉድጓድነት የሚለወጥ ኮከብ መጨረሻው ሒሳቡ የሚሰበርበት ስፍራ መሆኑን አስረዳ። በ2019 ደግሞ ኤም 87 በተባለው ጋላክሲ እምብርት ያለው ጉድጓድ ጥላው በፎቶግራፍ ታየ፤ ክብደቱ የፀሐያችን 6.5 ቢሊዮን እጥፍ ነው። እንግዲህ ጉድጓዱ መኖሩን የሚጠራጠር ካለ እኛ ከሱ ጋር አንሟገትም። ክርክሩ ስለ ውስጡ ነው።

ሊ ስሞሊን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1992 ያቀረበው ግምት እንዲህ ይላል። ሒሳቡ ተሰበረ በሚባልበት ስፍራ ነገር ሁሉ አይጠፋም፤ እጅግ ከታመቀ በኋላ ተመልሶ ይስፋፋል፥ አዲስ ጽንፈ ዓለምም ይሆናል። ልጅ እናቱን ቢመስልም ፍጹም እሷን እንደማይሆን፥ አዲሱም የተፈጥሮን ሕግጋት በመጠናቸው ጥቂት ለውጦ ይወርሳል። ብዙ ጉድጓድ ያለው ብዙ ይወልዳል፤ መካኑ ዘር ሳይተካ ይቀራል። ከብዙ ትውልድ በኋላ የሚበዙት ጉድጓድ ለማፍራት የተመቹት ይሆናሉ ማለት ነው። ዳርዊን ስለ እንስሳት ያስተማረው ወደ ሰማይ ወጣ!

ይህ ለምን ደስ እንዳሰኘን መደበቅ አንፈልግም። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቈጥር ሕዝብ ልጆች ነንና፥ ጽንፈ ዓለምም እናትና ቅድመ አያት አለው ቢሉን እንግዳ አልሆነብንም። (እናቱ ምን ትመስላለች ብሎ መጠየቁ ግን ከንቱ ነው፤ በመካከል ያለው ደጅ ወሬ አያሳልፍም።) ከመካከላችንም ዘንድሮ አባቱን የቀበረ አለ። እሱ ስለ ቀመሩ ግድ የለውም፤ ምንም የማይመለስበት ጉድጓድ በወዲያ በኩል መነሻ ሊሆን ይችላል የሚለው ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳው። ምሳሌው ለሰው እንደማይሠራ ያውቃል፤ ቢሆንም።

እኛን ይበልጥ የነካን ሌላ ነው። ስሞሊን ግምቱ የሚፈርስበትን ነጥብ ራሱ ጽፎ አስቀመጠ። ትልቅ ኮከብ ሲሞት እምብርቱ ወይ የኒውትሮን ኮከብ ሆኖ ይቀራል፥ ወይም ክብደቱ ከልክ ካለፈ ጉድጓድ ይሆናል። ጽንፈ ዓለማችን ጉድጓድ ለማብዛት የተመቸ ከሆነ ያ ልክ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከፀሐይ 1.6 እጥፍ የሚበልጥ የኒውትሮን ኮከብ አይገኝም አለ። በኛ ክፍል ግን አንድ ግጥም ስንተረጕም፥ «ይህ ቢገኝ ትርጓሜዬ ውድቅ ነው» ያለ ሰው አላየንም፤ መምህርም ተማሪም። ሁላችንም ሳንሸነፍ እንመረቃለን።

ልኩ በኋላ ወደ 2 ከፍ ተደረገ። ይህ ሽሽት ነው ብለን ነበር፤ ወዳጆቻችን ግን የኮከቡ ውስጠኛ ጠባይ በተሻለ ስለ ታወቀ ነው ብለው ተከላከሉ። በ2010 የፀሐይን 2 እጥፍ ያህል የሚመዝን ኮከብ ተገኘ። በ2021 የታተመ ልኬት ደግሞ ሌላውን 2.08 አደረሰው፤ ከፍና ዝቅ ሊል የሚችለው በ0.07 ነው። ጠርዙን የተሻገረ ይመስለናል። አባቱን የቀበረው ጓደኛችን ቁጥሩን ሰምቶ ጥቂት ዝም አለና፥ «እንግዲያስ ደግመው ይመዝኑት» አለ። የፊዚክሱ ተማሪም መመዘናቸውን እንዳላቋረጡ ነገረው።