በሮቿ የተቆለፉ ከተማ

ዛሬ ወደ ደቡብ ህንድ ይዣችሁ ልሂድ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጉዳዩ ግን ከደጃችን የራቀ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያናችን ነርስ የሆነች እህት አለች፤ ነርስ ያገባ ወንድም አለ፤ ልጇ በሰው አገር አረጋውያንን እየጦረች እርሷ ግን እዚህ ብቻዋን ቡና የምታፈላ እናትም አለች። ይህን የምጽፈው ለሦስቱም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጃንዋሪ 2024 የባለቤቴ ታላቅ ወንድም የልብ ሕክምና አስፈልጎት፣ እኔ አስታማሚ ሆኜ አብሬው ኮቺ ወደምትባል የህንድ ከተማ ሄድሁ። ከቤት ስወጣ ያልተቋጨ ነገር ትቼ ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት። አንድ ኤጀንት ነኝ ባይ ወደ እንግሊዝ በአረጋውያን ተንከባካቢነት እንደሚልካት፣ እኔና ልጆቻችንም እንደምንከተላት ነግሮን ነበር። የጠየቀን ገንዘብ ኮንዶሚኒየማችንን ካልሸጥን የሚገኝ አልነበረም። «ከማርች በፊት ካልገባችሁ በሩ ይዘጋል» እያለ በየሁለት ቀኑ ይደውላል። እኔ ለመሸጥ ወስኜአለሁ፤ እርሷ ግን ዝም ብላለች። የሚስት ዝምታ ምን እንደሆነ ያገባችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

በሆስፒታሉ የሌሊት ተረኛ የነበረች አንዲት ወጣት ነርስ ከየት እንደመጣን ጠየቀችኝ። «ከኢትዮጵያ» ስላት ፊቷ በራ። «አያቴ እዚያ መምህር ነበሩ» አለችኝ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ብዙዎቹ የህንድ መምህራን ከዚህች ኬረላ ከምትባል ክፍለ ግዛት የመጡ መሆናቸውን በዕድሜ የገፋችሁ አንባቢያን ታስታውሳላችሁ። ልጅቷ በእጇ ስልክ ላይ የጀርመንኛ ትምህርት እያጠናች ነበር። እርሷም ልትሄድ ነው። «እሑድ ቤታችንን ይጎብኙ፤ አባቴ ባቡር ጣቢያ ይቀበልዎታል» አለችኝ።

እናንተም አንድ ቀን ወደዚያ ብትሄዱ፣ ከኤርናኩላም ጣቢያ ተሳፍራችሁ ሁለት ሰዓት ያህል በኮኮናትና በሙዝ ተክል መካከል ተጉዛችሁ ቲሩቫላ ትወርዳላችሁ። ከዚያ በመኪና ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ኩምባናድ ትደርሳላችሁ። ግራና ቀኙ የጎማ ዛፍ ነው፤ በየግንዱ ላይ ነጭ ፈሳሹን የሚያጠራቅም ትንሽ ጽዋ ታስሯል። በየመንገዱ ዳር የተሰቀሉት ማስታወቂያዎች ግን ለነርሶች ናቸው፦ የእንግሊዝኛ ፈተና ዝግጅት፣ የጀርመንኛ ትምህርት፣ ቪዛ። ባንክ በባንክ ላይ ተደርድሯል። ትልልቅ ባለ ፎቅ ቤቶች፣ ቀለማቸው ያማረ፣ አጥራቸው የጠበቀ። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ግን በበሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ቢቢሲ በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዚህች ከተማ ካሉት ከ11 ሺህ በላይ ቤቶች ውስጥ 15 በመቶ ያህሉ ባለቤቶቻቸው ውጭ ስለሆኑ የተዘጉ ናቸው። ከተማዋ ያለችበት የፓታናምቲታ ወረዳ በ2001 እና በ2011 በተካሄዱት ሁለት የሕዝብ ቆጠራዎች መካከል የነዋሪው ቁጥር በ3 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በህንድ አገር የሕዝብ ቁጥር ቀነሰ ሲባል መስማት ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ አስቡት!

ኩምባናድ ለእኛ ለወንጌላውያን አማኞች ባዕድ ከተማ አይደለችም። የህንድ ጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚህ ነው፤ በየዓመቱ በጃንዋሪ ትልቅ ጉባኤ ይደረግባታል። በአቅራቢያዋም በፓምባ ወንዝ አሸዋ ላይ ከ1895 ጀምሮ በየፌብሩዋሪው የማራሞን ጉባኤ ይካሄዳል። በእነዚህ ወራት ከባሕረ ሰላጤው፣ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ብዙ ልጆች ለዕረፍት ይመጣሉ፤ ቁልፎቹም ለጥቂት ሳምንት ይከፈታሉ። ጉባኤው ሲያልቅ እንደገና ይቆለፋሉ።

የልጅቷ አባት ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ የሰማንያ አራት ዓመት ሴት አያቷ ተቀምጠው ነበር። እዚያ ሴት አያትን «አማቺ» ይሏቸዋል፤ እንደ እኛ አማች ማለት አይደለም። አማቺ አይተውኝ «እንደምን አደርህ!» አሉኝ በአማርኛ። እንባዬ መጣ። ባለቤታቸው ደብረ ማርቆስ ሲያስተምሩ ገና ሙሽራ ነበሩ። ከአማርኛው የቀራቸው ሰላምታው፣ «ቡና» እና «ቶሎ በል» ብቻ ነው። ከሩዝ ሊጥ የሚጋገረውን አፓም የተባለ እንጀራ አቀረቡልኝ፤ ሊጡ ይቦካል፣ ዓይንም አለው፤ የእኛን እንጀራ ታናሽ ወንድም ይመስላል።

አማቺ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። አንዷ ዳላስ ነርስ ናት። አንዱ ነርስ አግብቶ በርሚንግሃም ይኖራል። የቀረው ይህ የልጅቷ አባት ነው። ማታ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል፤ አማቺ ከዚያ በፊት ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ነጭ ልብሳቸውን ቀይረው ይጠብቃሉ። «ልጆቼ የታመመ ሰው ሲያገላብጡ ይውላሉ፤ የእኔን ጀርባ የምታሸው ደግሞ ከሩቅ ክፍለ ግዛት የመጣች ልጅ ናት፤ የእርሷን እናት ማን እንደሚያሻት እንጃ» አሉኝ። ኬረላ ከህንድ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ በአረጋውያን ድርሻ ቀዳሚዋ ናት። ለዓለም ተንከባካቢ ትልካለች፤ ለራሷ ሽማግሌዎች ደግሞ ከሌላ ታስመጣለች።

እነዚህን ሰዎች ስግብግብ ናቸው ብላችሁ እንዳትፈርዱ። በኬረላ በሚሲዮን ሆስፒታሎች ምክንያት ነርስነትን ከሁሉ አስቀድመው የተማሩት የክርስቲያን ልጃገረዶች ናቸው፤ ሌላው የታማሚን አካል መንካት እንደ ርኩሰት ሲያየው እነርሱ እንደ አገልግሎት ተቀበሉት። በ1960ዎቹ ጀርመን ነርስ ሲያጥራት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በኩል ከዚህ ብዙ ወጣት ሴቶችን ወሰደች። ከዚያ ባሕረ ሰላጤው፣ አሜሪካና እንግሊዝ ተከተሉ። በአገር ቤት ደግሞ የግል ሆስፒታሎች ክፍያ እጅግ ዝቅተኛ ነበር፤ ለትምህርት የተበደሩትን እንኳ አይመልስም። በ2011 ነርሶቹ ማኅበር መሥርተው እስከ ሥራ ማቆም የደረሱት ለዚህ ነው። ዛሬ 2.2 ሚሊዮን ያህል የኬረላ ተወላጆች በውጭ አገር እንደሚኖሩ የ2023ቱ የክፍለ ግዛቷ የፍልሰት ጥናት ያሳያል። አማቺ የሚኖሩበትን ጣራ ያቆመው፣ የልጅ ልጃቸውንም ያስተማረው ይኸው ገንዘብ ነው።

ከምሳ በኋላ አባትየው ብቻችንን ስንሆን የራሱን ታሪክ አጫወተኝ። ሚስቱ ልጃቸው የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ኩዌት ሄዳ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። «ሹሩባ መሥራት ተምሬ ልጄን አሳደግሁ» አለኝ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ «ሚስቴ ስትመለስ ግን ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ በገዛ ቤቷ እኔን ትጠይቀኝ ነበር። በአንድ አልጋ ላይ ሁለት እንግዶች ሆንን። እንደገና ባልና ሚስት ለመሆን ሁለት ዓመት ፈጀብን፤ ጌታ ረዳን እንጂ ያልተሳካላቸው ጎረቤቶች አሉን» አለኝ።

ስለ ኤጀንቱ ነገርሁት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በ2015 በኬረላ የታወቀው ቅሌት ትዝ አለው፤ ሕጉ 19,500 ሩፒ ብቻ እንዲቀበል የሚፈቅድለት አንድ መልማይ ድርጅት ወደ ኩዌት ከሚሄዱ ነርሶች ከእያንዳንዳቸው 1.95 ሚሊዮን ሩፒ ያህል እንደተቀበለ በምርመራው ወጣ፤ ይህም የተፈቀደውን መቶ እጥፍ ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የህንድ መንግሥት ባሕረ ሰላጤውን ጨምሮ ወደ 18 አገሮች የሚደረግ የነርሶች ቅጥር በመንግሥት ድርጅቶች በኩል እንዲሆን ወሰነ። በ2014 ደግሞ 46 የህንድ ነርሶች፣ አብዛኞቹ የኬረላ ልጆች፣ በኢራቅ ቲክሪት ከተማ በታጣቂዎች እጅ ወድቀው በጁላይ ወር በሰላም ኮቺ ገብተዋል። ከእነርሱ መካከል የመሄጃ ዕዳቸውን ያልከፈሉ ስለነበሩ ጦርነት እያዩ እንኳ ለመመለስ ያመነቱ ነበሩ። ዕዳ እግር ብረት ነው።

«የልጄ መንገድ ግን ሌላ ነው» አለኝ። ኬረላ በ2021 መጨረሻ ከጀርመን መንግሥት ድርጅቶች ጋር ተስማምታለች። ነርሷ የመመልመያ ክፍያ አትከፍልም፤ ቋንቋውን እዚያው አገሯ በነፃ ተምራ ቢ1 የተባለውን ደረጃ ካለፈች በኋላ ትሄዳለች፤ ቀሪውን እዚያ እየሠራች ትጨርሳለች። እጥረቱ የአሠሪው ስለሆነ ወጪውንም የሚሸከመው አሠሪው ነው።

ወገኖች፣ ይህችን ነጥብ ልብ በሉልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ስለ ጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ቅጥር የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል። በ2023 የራሳቸው የጤና ባለሙያ እጅግ ያነሳቸውን 55 አገሮች ዘርዝሯል፤ ኢትዮጵያ ከእነርሱ አንዷ ናት። እንግሊዝም በዚሁ ዝርዝር ላይ ተመሥርታ፣ አሠሪዎችና መልማዮች ከእነዚህ አገሮች ሄደው ሠራተኛ እንዳይመለምሉ በደንቧ ከልክላለች። አንድ ሰው በራሱ ተነሥቶ በቀጥታ ማመልከት ይችላል፤ ይህ መብቱ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ በራችሁን አንኳኩቶ «ለእንግሊዝ ነርስና ተንከባካቢ እመለምላለሁ» የሚል ሰው ገና ከመነሻው ደንብ እያፈረሰ ነው። የስፖንሰርነት ሰርተፊኬት እንሸጥላችኋለን የሚልም እንዲሁ፤ እርሱ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።

በሩ ይዘጋል ያለውስ? እሱ እውነት ነበር፤ ግማሽ እውነት። እንግሊዝ በፌብሩዋሪ 2022 በሠራተኛ እጥረት ምክንያት ለተንከባካቢዎች ቪዛ ከፈተች። ከማርች 11 ቀን 2024 ጀምሮ ግን አዲስ የሚገቡ ተንከባካቢዎች ባል፣ ሚስትም ሆነ ልጅ ይዘው እንዳይመጡ ከለከለች። በጁላይ 22 ቀን 2025 ደግሞ ከውጭ አዲስ ተንከባካቢ መቅጠሩን ጨርሳ ዘጋችው። በመካከሉ፣ ከጁላይ 2022 እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ፣ ከ470 በላይ የእንክብካቤ ድርጅቶች ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል፤ ከ39 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከእነዚህ ድርጅቶች ጋር የተያያዙ ነበሩ። አሠሪው ፈቃዱን ሲነጠቅ ለሠራተኛው የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ወይ ሌላ አሠሪ ያገኛል፣ ወይ አገሩን ለቆ ይወጣል።

ያን ማታ ከኩምባናድ ስነሣ አማቺ እጄን ይዘው አንድ ነገር አሉኝ። «እኛም ሰው አገር ሄደን ነበር። ባሌ ሲሄድ ግን እኔን ይዞኝ ሄደ።» በባቡሩ ውስጥ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። ኮቺ እንደደረስሁ ለባለቤቴ ደወልሁላት። «ቤቱን አንሸጥም» ከማለቴ በፊት፣ «ለመሆኑ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኋት። ለብዙ ወር ይህን ጥያቄ ጠይቄአት እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ አለቀሰች። «ብቻዬን መሄድ ፈርቻለሁ፤ አንተ ግን ቆርጠህ ስለነበር ምን ልበልህ» አለችኝ።

አልሄድንም። በዚያው ኤጀንት በኩል የሄደች የምናውቃት እህት አለች። ባልና ልጅ ይከተሉሻል ተብላ በሜይ 2024 ገባች፤ ሕጉ ግን ከሁለት ወር በፊት ተለውጦ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላም የቀጠራት ድርጅት ፈቃዱን ተነጠቀ። በስንት ጸሎትና በስንት ልመና ሌላ አሠሪ አገኘች። ባሏ ግን ዛሬም ሕፃኑን ይዞ ብቻውን ነው የሚመጣው። እሑድ እሑድ ሳየው የኩምባናዱ አባት ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ አትሂዱ አልላችሁም። መጽሐፍ ቅዱሳችን ራሱ በረሃብ ምክንያት አገራቸውን በለቀቁ ቤተሰቦች የተሞላ ነው፤ የኑኃሚንም ታሪክ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ግን፣ ባልና ሚስት አንድ ማታ ስልኩን አጥፋችሁ ተቀመጡና ተጠያየቁ። ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? አሠሪው ፈቃድ እንዳለው በራሳችን አረጋግጠናል ወይስ የሰማነው ከደላላ ነው? ቪዛው ሁለታችንን ያስገባል ወይስ አንዳችንን? አንዳችን ብቻ ከሆነ፣ ለስንት ጊዜ? እናታችንን ማን ይጦራታል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? አንተስ?

ለቤተ ክርስቲያን መሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። በየአጥቢያችን ልጆቻቸው ውጭ ያሉ አባቶችና እናቶች ጥቂት አይደሉም። ዶላር ስለሚላክላቸው ምንም የጎደላቸው አይመስለንም። በዚህ ሳምንት ወደ አንዳቸው ቤት ሂዱ። ምናልባት ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስልክ እስኪጮኽ ድረስ እየጠበቁ ታገኟቸዋላችሁ። እስከዚያው አብራችኋቸው ቡና ጠጡ።